ድድ ሲደማ ማን ጋ ይኬዳል?

ጠዋት ጥርስ ሲቦረሽ የሚተፋው አረፋ ቀላ ይላል። ሰውየው አየት ያደርገውና ተጉመጥምጦ፣ "ብሩሹ ወግቶኝ ነው" ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ስለማያመው በማግስቱም ይረሳዋል። የድድ በሽታ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ጥርስ ሲቦረቦር ሌሊት ከእንቅልፍ ቀስቅሶ ሐኪም ቤት ያስኬዳል፤ ድድ ግን ለዓመታት ዝም ብሎ ይጎዳል። ብዙ ሰው ክሊኒክ የሚሄደው ጥርሱ መነቃነቅ ሲጀምር ነው፤ ያኔ ደግሞ ረፍዷል።

ጤነኛ ድድ በለስላሳ ብሩሽ ሲነካ አይደማም። ከደማ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥርስና ድድ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ የተጠራቀመ ነገር አለ ማለት ነው። እዚያ ቦታ ላይ በየቀኑ የሚያጣብቅ ስስ የባክቴሪያ ሽፋን ይሠራል። በጊዜው ካልተነሣ ምራቅ ውስጥ ባለው ካልሲየም እየደረቀ ድንጋይ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ብሩሽም መፋቂያም አያነሣውም።

ነገሩ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመ አንድ ጥናት ነው። ሀራልድ ሎ የተባለ ኖርዌጂያዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፣ ዴንማርክ ኦርሁስ ከተማ ውስጥ ድዳቸው ጤነኛ የሆነ 12 ሰዎችን፣ አብዛኞቹን የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች፣ ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረጋቸው። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳቱን ሲቀጥሉ በሳምንት ገደማ ዳነላቸው። ስለዚህ ድዱ የደማ ሰው ደሙን ፈርቶ መቦረሽ ቢያቆም ይብስበታል። ለስላሳ ብሩሽ ይዞ፣ በቀን ሁለቴ፣ ጠርዙን ቀስ እያለ ማጽዳት ነው ያለበት። በጥርስና በጥርስ መካከል ያለውን በጥርስ ክር ወይም በትንሿ የጥርስ መሐል ብሩሽ ማውጣትም ያስፈልጋል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ ይመለሳል። የማይመለሰው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ቁጣው ከቆየ ድዱ ከጥርሱ ይላቀቅና በመካከላቸው ኪስ ይፈጠራል፤ ባክቴሪያው ወደ ኪሱ ወርዶ ጥርሱን የተሸከመው አጥንት መመንመን ይጀምራል። የሄደ አጥንት በራሱ አይተካም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት ከባድ የድድ በሽታ ያለባቸውን ሰዎች በዓለም ዙሪያ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ገምቷቸዋል። ሁሉም ላይ እዚህ ደረጃ አይደርስም፤ በማን ላይ እንደሚደርስ ግን በመስታወት አይታወቅም።

በእኛ አገር መስታወቱን የሚያታልል ሌላም ነገር አለ፦ ንቅሳት። በሰሜኑ በኩል፣ በጎንደርም በጎጃምም በወሎም በትግራይም፣ ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች ብዙ ናቸው። ዛሬ አዲስ አበባ ልደታ ኮንዶሚኒየም ልጆቻቸው ጋ ከሚኖሩት እናቶች መካከልም አይጠፉም። ድዱ በመርፌ እየተወጋ ጥቀርሻ ይቀባበትና ሲድን ጠቁሮ ይቀራል። ነጭ ጥርስ በጠቆረ ድድ ላይ ያምራል፣ ያ እውነት ነው። ግን ለውበት ብቻ አልነበረም የሚነቀሱት። "ድድ ያጠነክራል፣ ደም ያቆማል" ይባል ነበር። ቀለሙ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ይቀራል እንጂ ጥርሱ ሥር ያለውን ባክቴሪያ አይነካውም። እንዲያውም ከባዱ ነገር የመጀመሪያውን ምልክት መሸፈኑ ነው፤ ድድ ሲቆጣ ይቀላል፣ የተነቀሰ ድድ ግን ቢቀላም አይታይም። ስለዚህ እናትን "ድድዎ ቀልቷል?" ከማለት "እማማ፣ ሲፍቁ ይደማዎታል? ሥጋ ሲያኝኩ የሚሸሽ ጥርስ አለ?" ብሎ መጠየቅ ይሻላል። በአንድ መርፌ ብዙ ሰው መነቀስ ደግሞ የጉበት ቫይረስና ኤችአይቪ ማስተላለፉን ማንም ያውቀዋል።

ሲጋራም የሚሠራው ተመሳሳይ ተንኮል ነው። የድዱን የደም ሥር ስለሚያጠብ የአጫሽ ድድ ብዙም አይደማም፤ አጥንቱ ግን ከማያጨሰው ሰው ፈጥኖ ያልቃል።

መፋቂያን በተመለከተ፣ እኔ እንጃ ለምን እንደሚናቅ። የወይራም ሆነ የክትክታ እንጨት ጫፉ በደንብ ታኝኮ እንደ ብሩሽ ሲለሰልስ የጥርሱን ፊት ጥሩ አድርጎ ያነሣል። ጉዳቱ ያለው አጠቃቀሙ ላይ ነው። ጫፉ ሳይለሰልስ ወደ ጎን በኃይል የሚፍቅ ሰው ድዱን እያሸሸ የጥርሱን ሥር ያጋልጣል፤ የውስጡን ጎንና የኋለኛውን መንጋጋ ደግሞ አብዛኛው ሰው ጭራሽ አይነካውም። ከድድ ወደ ጥርሱ ጫፍ ቢፈቅና ማታ ላይ ብሩሽ ቢጨምርበት የሚከለክለው የለም።

ክሊኒክ ሲኬድ የሚያስፈልገው ነገር ከመታጠብ በፊት መለካት ነው። ሐኪሙ በሚሊ ሜትር የተሰመረች ጫፏ ደነዝ የሆነ ቀጭን ዘንግ ይይዛል። በአንድ ጥርስ ዙሪያ ስድስት ቦታ ላይ፣ በድዱና በጥርሱ መካከል ቀስ አድርጎ እየከተተ ለረዳቱ ቁጥር ይጠራል፤ "ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት..."። እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ጤነኛ ነው። አራትና አምስት ከሆነ በሽታው ጀምሯል፤ ጠቅላላ የጥርስ ሐኪም በደንብ አጽድቶ ሊይዘው ይችላል። ስድስትና ከዚያ በላይ ሲሆን የድድ ስፔሻሊስት ቢያየው ይመረጣል። ከቁጥሩ ጋር ራጅ ይነሣል፣ አጥንቱ የቱ ጋ እንዳለ የሚታየው በእሱ ነው። ይህን ሳያደርግ ፊት ፊቱን አጥቦ የሚሸኝ ቤት ካጋጠመዎት "ይለኩልኝ" ማለት መብትዎ ነው።

"ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል" የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣም ግልጽ ነው። ድንጋዩ ሲነሣ የተደበቀው ክፍተት ይታያል፤ ያበጠው ድድ ሲሟሽሽ ጥርሱ የረዘመ ይመስላል፤ ለጥቂት ሳምንታት ቀዝቃዛ ውኃ ያንዘረዝራል። አጥንቱ ግን የሄደው ከመታጠቡ በፊት ነው። ፋርማሲ ገብቶ አሞክሳሲሊንና ፍላጂል ገዝቶ የሚውጠው ሰውም ለጥቂት ቀን ይቀለዋል፤ ድንጋዩ እዚያው ስለሆነ ይመለስበታል።

ከኪሱ ጥልቀት ሌላ ስፔሻሊስት ዘንድ የሚያደርሱ ምልክቶች አሉ፦ ጥርስ ሲነቃነቅ ወይም ቦታ ሲለቅና በፊት ያልነበረ ክፍተት ሲፈጠር፣ ድድ ሲጫን መግል ሲወጣ፣ በጥልቀት ከጸዳ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ሲለካ ለውጥ ሳይኖር ሲቀር። ገና በሃያዎቹ ያለ ሰው አጥንቱ ከተመናመነም መጠበቅ የለበትም። ስኳር ያለበት ሰው ጉዳይ ደግሞ ሁለት አቅጣጫ አለው፤ ስኳሩ ከፍ ሲል ድዱ ይብሳል፣ የተቆጣ ድድ ደግሞ ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይንና ለደም ግፊት የሚሰጡት ኒፈዲፒንና አምሎዲፒን በአንዳንድ ሰው ላይ ድድን ያሳድጋሉ፤ መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቆም ሳይሆን ለሐኪሙ መንገር ነው የሚበጀው። ነፍሰ ጡር ሴት በቀላሉ የሚደማ ድድ ቢኖራት የሆርሞኑ ለውጥ አባብሶት ነው፤ ጽንሱ ካልሲየሟን ከጥርሷ አይወስድም፣ ጥርሷንም ማሳጠብ ትችላለች።

የስፔሻሊስት ቀጠሮ የማይጠበቅበትም ሁኔታ አለ። የተጎዳ፣ በደንብ የማይመገብ ወይም በቅርቡ ኩፍኝ የታመመ ሕፃን ድዱ ቆስሎ ጠረኑ ከከፋና ጉንጩ ካበጠ፣ ኖማ የሚባለው በሽታ ሊሆን ይችላል። በቀናት ውስጥ ጉንጭ ይበላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው እሱን ነው። በዚያው ዕለት ሆስፒታል መግባት አለበት። ድዱ ያለ ምክንያት እየደማ ቆዳው ላይ ብልዝ የሚወጣበት ሰውም ከጥርስ ሐኪሙ በፊት የደም ምርመራ ያስፈልገዋል።

ልደታ ያለ ሰው በሆስፒታል በኩል ዕድለኛ ነው፤ ጥቁር አንበሳም ባልቻም እዚያው ክፍለ ከተማ ውስጥ ናቸው። ጥቁር አንበሳ የሪፈራል ሆስፒታል ስለሆነ ግን በቀጥታ ከመሄድ ከጤና ጣቢያ ወይም ከሌላ ሆስፒታል ሪፈር አጽፎ መሄድ ያዋጣል፤ በተለይ የጤና መድን ያለው ሰው። የድድ ስፔሻሊስት በአገራችን ጥቂት ስለሆነ ወረፋው ሊረዝም ይችላል፤ በመሐሉ ጠቅላላ ሐኪሙ ቢያጸዳና ቢለካ የሚባክን ጊዜ የለም።

ሲሄዱ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይንገሩ። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ወይም ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያለው ሰው ይህን ሳይናገር ጥርሱን ማሳጠብ የለበትም፤ ቫልቭ ላለው ሰው አስቀድሞ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ አለ። የቆየ የጥርስ ራጅ ካለም አይጣል፤ አጥንቱ በምን ፍጥነት እየወረደ እንደሆነ የሚታወቀው አሮጌው ከአዲሱ ጎን ሲቀመጥ ነው።