በክረምት ቆሞ የሚሰነብት መኪና ባትሪው እንዳይሞት

ክረምት ሲገባ ብዙ የንግድ መኪናዎች ከሥራ ያርፋሉ። እንግዶችን ይዘው ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የሚመላለሱት የአስጎብኚ ድርጅቶች መኪናዎች፥ ከነድንኳናቸው፥ ከነመኝታቸውና ከነማቀዝቀዣቸው በግቢ ይቆማሉ። ሰሊጥ ለመጫን ወደ ሑመራና ወደ መተማ የሚወርዱት የጭነት መኪናዎችም ጭቃው እስኪደርቅና አዝመራው እስኪደርስ ድረስ ወራቱን ይጠብቃሉ። ባለቤቱም «መኪናዬ ዐርፏል፤ ወጪም የለበትም» ብሎ ልቡን ያሳርፋል። ነገር ግን መኪናው ቢቆምም ባትሪው ሥራውን አላቆመም፤ ቀስ በቀስ እያለቀ ነው።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ሰው ራሱ በዚህ ነገር ተቀጥቷል። በአንድ ዓመት ሐምሌ መግቢያ ላይ አነስተኛ የጭነት መኪናውን በመጋዘን ግቢ አቁሞ ሌላ ሥራውን ሲከታተል ከረመ። በመስከረም ወር ለአንድ ነባር ደንበኛ ዕቃ ለማስረከብ በተቀጠረበት ቀን፥ ጧት ቁልፉን ቢያዞር ሞተሪኖው አንድ ጊዜ «ቀጭ» ብሎ ዝም አለ። ዘበኛውና ሁለት ወዛደሮች ቢገፉትም አልነሣ አለ። መካኒክ እስኪጠራና ሌላ ባትሪ በውሰት እስኪመጣ ድረስ ቀኑ ተጋመሰ፤ ደንበኛውም ዕቃውን ከሌላ ሱቅ ገዛ። የባትሪው ዋጋ አንድ ጊዜ ተከፍሎ ያልቃል፤ የሄደ ደንበኛ ግን በገንዘብ አይመለስም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፥ ከጉዳቱ በኋላ የተማርነውን አንባብያን ከጉዳቱ በፊት እንዲያውቁት ይህን አቅርበናል።

ባትሪ ሥራ ፈትቶ ለምን ያልቃል?

በመኪናዎቻችን ላይ በብዛት የምናየው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ፥ ጋስቶን ፕላንቴ የተባለ ፈረንሳዊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1859 ዓ.ም. የፈለሰፈው ዐይነት ነው። ከዚያ ወዲህ እጅግ ቢሻሻልም ጠባዩ አልተለወጠም፤ ሥራ ሲፈታ ይደክማል። ለዚህም ሁለት ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው በባትሪው ውስጥ ያለው ነው። ምንም ገመድ ባይነካው እንኳ ባትሪ በራሱ ጊዜ ኃይሉን ያጣል። ይህም በሙቀት ይፋጠናል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር የሚያጣው ኃይል ወደ እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ብርድ የቆመ መኪና ባትሪ፥ በመተማ ወይም በድሬዳዋ ፀሐይ ከቆመው ይልቅ በራሱ ቀስ ብሎ ይወርዳል።

ሁለተኛው ምክንያት መኪናው ራሱ ነው። ቁልፉ ቢነቀልም የማንቂያ ደወሉ፥ ሰዓቱ፥ የሬዲዮው ማስታወሻ፥ የሞተሩ ኮምፒዩተርና መኪናው ያለበትን ቦታ የሚያመለክተው ጂፒኤስ ሌትና ቀን ኤሌክትሪክ ይቀበላሉ። እያንዳንዳቸው የሚወስዱት ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ሒሳቡን እንመልከት። የሁሉም ድምር 50 ሚሊ አምፔር ቢሆን፥ በ24 ሰዓት 1.2 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ሐምሌ፥ ነሐሴና ጳጉሜን በጠቅላላው 65 ቀን ናቸው። 1.2 በ65 ሲባዛ 78 አምፔር ሰዓት ይመጣል። 70 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ታዲያ ለዘመን መለወጫ እንዴት ይደርሳል? ማቀዝቀዣው ሳይጠፋ የተረሳ እንደ ሆነማ፥ ሞተሩ በሚሠራበት ሰዓት ከ3 እስከ 5 አምፔር ስለሚወስድ፥ ባትሪውን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጨርሰዋል።

ባዶውን የቆየ ባትሪ እንደ ገና ቢሞላ ይድናል ማለት አይቻልም። ባትሪ ኃይሉን ሲሰጥ በእርሳስ ሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት የሚባል ንጥረ ነገር ይሠራል፤ ቶሎ ከተሞላ ይህ ይሟሟል። ለሳምንታት ባዶውን ከተቀመጠ ግን ሰልፌቱ እየጠነከረ ይሄድና ሰሌዳዎቹን ይሸፍናል። ያን ጊዜ ባትሪው ቢሞላም የሚይዘው ኃይል ከቀድሞው ያነሰ ይሆናል። የአራትና የአምስት ዓመት ዕድሜ የነበረው ዕቃ በአንድ ክረምት የሚበላሸው በዚህ ምክንያት ነው።

መኪናው ከመቆሙ በፊት

አስቀድሞ ባትሪው ሙሉ በሙሉ ይሞላ። ለመሙላት የሚሰጠው ኃይል የባትሪው መጠን ዐሥረኛ ቢሆን መልካም ነው፤ ይኸውም ለ70 አምፔር ሰዓት ባትሪ 7 አምፔር ማለት ነው። ባትሪ በሚሞላበት ጊዜ የሚፈነዳ ጋዝ ይወጣል፤ ስለዚህ ነፋስ በሚገባበት ቦታ ይደረግ፥ ሲጋራም ሆነ እሳት አይቅረብ። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ የውሃው መጠን ታይቶ የጎደለው በተጣራ የባትሪ ውሃ ይሟላ። አንዳንዶች «ኃይል እንዲያገኝ» በማለት አሲድ ይጨምሩበታል፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። የሚተንነው ውሃው እንጂ አሲዱ ስላልሆነ፥ የተጨመረው አሲድ ሰሌዳዎቹን ይበላል።

ቀጥሎ ገመዱ ይፈታ። ከሁሉ አስቀድሞ የመቀነስ ምልክት (−) ያለበት የነጌቲቩ ገመድ ይለቀቅ። ምክንያቱም የነጌቲቩ ገመድ ታስሮ ሳለ የፖዘቲቩን (+) ሲፈቱ ቁልፉ የመኪናውን ብረት ቢነካ ብልጭታ ይፈጠራል፤ እጅንም ያቃጥላል። ሲመለስ ግን በተቃራኒው ፖዘቲቩ አስቀድሞ፥ ነጌቲቩ በመጨረሻ ይታሰር። ዋና ማጥፊያ የተገጠመለት የጭነት መኪና ከሆነ እርሱን መዝጋት ይቀላል፤ ሆኖም ጂፒኤሱ ከማጥፊያው በፊት ተቀጥሎ እንደ ሆነ በኤሌትሪሲያን ማስመርመር ያስፈልጋል። ገመዱ ከመፈታቱ በፊት ባለመኪናው የሬዲዮውን የምስጢር ቁጥርና በሩን በእጅ የሚከፍተውን ቁልፍ መያዙን ያረጋግጥ።

መኝታና ማቀዝቀዣ ያለው የጉዞ መኪና ብዙ ጊዜ ለመብራቱና ለማቀዝቀዣው የሚያገለግል ሁለተኛ ባትሪ አለው። ይህን መርሳት የተለመደ ነው። ሁለተኛውም እንደ መጀመሪያው ይሞላ፥ ይፈታም። የሊቲየም ዐይነት ከሆነ ግን ሥርዐቱ ይለያል፤ ሊቲየም ሙሉ ሆኖ ከመክረም ይልቅ ግማሽ ያህል ሆኖ መቀመጥ ይስማማዋል።

በቆመበት ወራት

በወር አንድ ጊዜ ባትሪውን በቴስተር መለካት ይገባል። ልኬቱ ባትሪው ለጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ ይሁን። 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ቢያሳይ ሙሉ ነው፤ 12.4 ሦስት አራተኛ፥ 12.2 ግማሽ፥ ከ12 በታች ደግሞ ባዶ ሊሆን የተቃረበ ነው። ከ12.4 ዝቅ ካለ ሳይዘገይ ይሞላ። ሁለት ባትሪ ያለው ባለ 24 ቮልት የጭነት መኪና ሲሆን፥ አንዱ ደክሞ ሌላው ሊሸፍነው ስለሚችል እያንዳንዱ ለብቻው ይለካ።

ብዙ ባለመኪናዎች ዘበኛውን «በየሳምንቱ ሞተሩን አስነሣልኝ» ብለው ያዝዛሉ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ጥቅሙ ግን ትንሽ ነው። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ለአምስት ደቂቃ ሲሠራ ዲናሞው የሚያመነጨው ኃይል ጥቂት ነው፤ ባትሪውም የሚሞላው በዝግታ ነው። ከዚህም በላይ ሞተሩ በሚገባ ሳይሞቅ ሲጠፋ እርጥበት በዘይቱና በጭስ ማውጫው ውስጥ ይቀራል። ማስነሣት ካስፈለገ መኪናው ከግማሽ ሰዓት ላላነሰ ጊዜ በመንገድ ላይ ይነዳ። ይህ ካልተቻለ ገመዱን ፈትቶ መተው ይሻላል።

መብራት ባለበት ግቢ ባትሪው ሲሞላ ኃይሉን በራሱ የሚቀንስ ቻርጀር ማድረግ ይቻላል። የማይቆጣጠር አሮጌ ቻርጀር ግን ለሳምንታት ተሰክቶ ቢቀር ውሃውን አፍልቶ ያደርቀዋል። መብራት በሌለበት ቦታ አነስተኛ የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ከመቆጣጠሪያው ጋር በጣራው ላይ ቢገጠም ይረዳል፤ የክረምት ደመና ኃይሉን እንደሚቀንሰው ግን መታሰብ አለበት።

ባትሪው ያለ ልክ የሚወርድ ከሆነ ጥፋቱን ባትሪው ላይ ብቻ አንጣል። ኤሌትሪሲያኑ የነጌቲቩን ገመድ ፈትቶ ቴስተሩን በመካከል አስገብቶ መኪናው ጠፍቶ ሳለ የሚወስደውን ይለካ። ከ50 ሚሊ አምፔር እጅግ የበለጠ ቢሆን ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀለ የሚያፈሰውን መስመር ያገኘዋል። ይህን ሳያደርጉ አዲስ ባትሪ መግዛት በተቀደደ ስልቻ እህል እንደ መስፈር ነው።

ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች

ከላይ የተነገረው በመደርደሪያ ላይ ላለ ባትሪም ይሠራል። አሲድ ተሞልቶ የመጣ ባትሪ በባሕር ላይና በጅቡቲ ሙቀት በቆየ ቁጥር ይደክማል። ስለዚህ አስመጪው ዕቃው እንደ ደረሰ የተሠራበትን ቀን ይመርምር፤ ጥቂቱንም አንሥቶ ይለካ። ደረቅ ሆኖ የሚመጣውና አሲዱ በሽያጭ ጊዜ የሚሞላበት ባትሪ ግን በሚገባ እንደ ታሸገ ብዙ ጊዜ ይቆያል። ባለሱቁም ቀድሞ የገባውን ቀድሞ ይሽጥ፤ በየወሩ እየለካ የወረደውን ይሙላ። ደካማ ባትሪ ለደንበኛ የሸጠ ሰው በማግስቱ ጠብ ይገዛል። ባትሪ በሲሚንቶ ወለል ላይ ቢቀመጥ ይሞታል የሚባለው ወሬ ዛሬ አያሠጋም፤ የዛሬው የፕላስቲክ ቀፎ ኃይል አያሳልፍም።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎችን የሚያስመጡ ነጋዴዎች በርክተዋል። እነርሱም አንድ ነገር ልብ ይበሉ። አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ከትልቁ ባትሪ ሌላ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው። ይህ ትንሹ ከሞተ ትልቁ ቢሞላም መኪናው አይነሣም፤ በሩም እንቢ ሊል ይችላል። በግቢ ገዢ የሚጠብቅ የኤሌክትሪክ መኪና ስለዚህ ሁለቱም ባትሪዎቹ መታየት አለባቸው።

በመጨረሻም የሞተውን ባትሪ በየሜዳው አንጣል። እርሳሱ መርዝ ነው፤ አሲዱም መሬቱንና ውሃውን ይበክላል። አሲድ ዐይን ወይም ቆዳ ከነካ ወዲያውኑ በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል ይታጠብና ወደ ሐኪም ይኬድ። አሮጌው ባትሪ አሲዱ ሳይደፋ፥ እንዳለ፥ ፈቃድ ላለው መልሶ አምራች ይሰጥ።

እንግዲህ ለዚህ ሁሉ ሥራ የሚያስፈልገው አንድ የብሎን መፍቻ፥ አንድ ቴስተርና በወር ዐሥር ደቂቃ ነው። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ፥ ገበያውም ሲከፈት፥ ቁልፉን በአንድ ዙር የሚያስነሣ ነጋዴ ከባልንጀራው ቀድሞ መንገድ ይጀምራል።