እግዚአብሔር በመከራችን ወዴት ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአገልግሎት ወደ ሰቆጣ በሄድንበት ጊዜ፣ ከአበርገሌ ተፈናቅለው በከተማዋ የተጠለሉ አንዲት እናት ከጉባኤው በኋላ ወደ እኛ ቀረቡ። “ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው እያላችሁ ታስተምራላችሁ፤ ይህ ሁሉ ሲደርስብን ታዲያ የት ነበር?” ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄው የክህደት አልነበረም። ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ ጾማቸውን ሳያጎድሉ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚጸኑ እናት ናቸው። እኛ ግን በዚያች ሰዓት የሚገባውን መልስ አላገኘንም፤ “እግዚአብሔር ያውቃል፣ እማማ” ብለን አለፍናቸው። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን እኛ የተናገርነው ከጥያቄው ለመሸሽ ነበር።

የዋግ ሰው እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ ምክንያት አለው። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ብዙዎች በእግራቸው ወደ ኮረም መጠለያ ተጉዘው ሳይመለሱ ቀርተዋል። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት ወደ አካባቢው በደረሰ ጊዜ፣ ቤቱንና ከብቱን ጥሎ የተሰደደ ሕዝብ በሰቆጣ ተጠለለ። የዚያ ቁስል ሳይሽር ደግሞ የ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናም አጥሮ ሰሃላ ሰየምትን፣ ዝቋላንና አበርገሌን ድርቅ መታቸው። ይህን ሁሉ በአንድ ዕድሜ ያየ ሰው ስለ እግዚአብሔር አብሮነት ሲሰማ በልቡ የሚነሣውን ጥያቄ ልንንቀው አይገባም።

መጽሐፍ ቅዱስም አልናቀውም። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈ፣ ምድያማውያን እስራኤልን ሰባት ዓመት አስጨነቁ። ዘር በተዘራ ቁጥር መጥተው አዝመራውን ያጠፋሉ፤ በግም፣ በሬም፣ አህያም አያስቀሩም። ሕዝቡ በየተራራው ዋሻ ይሸሸግ ነበር። የኢዮአስ ልጅ ጌዴዎንም ስንዴውን ይወቃ የነበረው በወይን መጥመቂያ ውስጥ ተደብቆ ነው። ከገበሬ ቤት የተወለደ አንባቢ ይህ ምን ያህል አድካሚ እንደ ሆነ ያውቀዋል። አውድማ የሚለቀለቀው ነፋስ በሚያገኘው ገላጣ ስፍራ ነው፤ መንሹ ወደ ላይ የበተነውን ገለባ ከፍሬው የሚለየው ነፋስ ነውና። ዝቅ ባለ ጠባብ ስፍራ የሚወቃ ሰው ድካሙ ብዙ፣ ምርቱ ጥቂት ነው። ዓይኑም ሥራው ላይ አያርፍም፤ የሚመጣውን ጠላት ይጠብቃል።

የእግዚአብሔር መልአክ ጌዴዎንን የጐበኘው በዚያ ስፍራ፣ በዚያ ሥራ ላይ ሳለ ነው። እግዚአብሔር ከእርሱ ጋር መሆኑንም ነገረው። ጌዴዎን ግን በዝምታ አልተቀበለም። እግዚአብሔር አብሮን ካለ ይህ መከራ ስለ ምን አገኘን፣ አባቶቻችን የነገሩን ተአምራትስ ወዴት ሄደ ብሎ ጠየቀ። የሰቆጣዋ እናት ጥያቄ የጌዴዎን ጥያቄ ነው።

እግዚአብሔር በዚህ ጥያቄ አልተቈጣም፤ ምክንያቱንም ለጌዴዎን አልዘረዘረለትም። ባለው ኃይል እንዲሄድ ላከው፣ ከእርሱ ጋር እንደሚሆንም ቃል ገባለት። ቅዱስ ጳውሎስም ለዕብራውያን በጻፈው መልእክቱ (ዕብ. 11፥32) ይህን ጠያቂ በእምነት ከተመሰከረላቸው አባቶች ጋር ቈጠረው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንወድድም። ከመልአኩ መምጣት አስቀድሞ አንድ ነቢይ ለሕዝቡ ስለ ጣዖት አምልኮታቸው እንደ ተናገረ በዚያው ምዕራፍ ተጽፏል። ይህን የመሰለውን ቃል ይዘን “ድርቁ የመጣው በኃጢአታችሁ ነው” እያልን በተቸገሩት ላይ ስንፈርድ እንገኛለን። የንስሐ ጥሪ ለሁላችን ነው፤ ጎተራው ለሞላውም ጭምር። ነገር ግን ጌታችን ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ሲጠየቅ እርሱም ወላጆቹም ስለ ሠሩት ኃጢአት እንዳልሆነ ተናግሯል (ዮሐ. 9፥3)፤ የሰሊሆም ግንብ የወደቀባቸውም በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ የከፉ በደለኞች እንዳልነበሩ አስተምሯል (ሉቃ. 13፥4)። በአንድ ወረዳ ሕዝብ ላይ የበደለኝነት ፍርድ የሚሰጥ ሰባኪ ይህን ያላነበበ ይመስላል።

ታዲያ እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው ስንል ምን ማለታችን ነው? በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት እግዚአብሔር በሁሉ ምሉዕ ነው። ክቡር ዳዊት በመዝሙር 138 እንደ ተናገረ ወደ ሰማይ ቢወጣም፣ ወደ ሲኦልም ቢወርድ ከእርሱ የሚሰወርበት ስፍራ የለም። ይህ ምልአት ለጻድቁም ለኃጥኡም፣ ለሰውም ለድንጋዩም ነው። ከዚህ ሌላ ደግሞ በረድኤት አብሮ መሆን አለ፤ ይህም የሚያግዝ፣ የሚያጸና፣ የሚጠብቅ ቅርበቱ ነው። በምሥጢራትም ጸጋውን ይሰጠናል፤ በጥምቀት ልጆቹ ሆነናል፣ በቅዱስ ቍርባን ከእርሱ ጋር አንድ እንሆናለን። በሰቆጣ አቅራቢያ የሚገኘውን ውቅር መስቀለ ክርስቶስን የተሳለመ ሰው፣ አባቶቻችን እህል የማይበቅልበትን ዐለት ፈልፍለው የሥጋውና የደሙ ማዕድ የሚቀርብበት መቅደስ እንዳደረጉት አይቷል። በቅዳሴም ካህኑ እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን እያለ ደጋግሞ ይባርካል። ይህን ቡራኬ ልቡ የሞላለትም፣ ሌሊቱን ሲያለቅስ ያደረውም እኩል ይቀበሉታል። የእግዚአብሔር አብሮነት በዚያ ዕለት በተሰማን ስሜት አይለካምና።

በኑሮ መቃናትም አይለካም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 39 እግዚአብሔር ከዮሴፍ ጋር እንደ ነበረ ደጋግሞ ተነግሯል። በመጀመሪያ የተነገረው በጲጥፋራ ቤት ሥራው ሁሉ በተከናወነለት ጊዜ ነው (ቍ. 2)። ኋላም በሐሰት ተከሶ ወኅኒ ከወረደ በኋላ ይኸው ቃል ተደገመ (ቍ. 21)። ዮሴፍ ከባለ አደራነት ወደ እስረኝነት ወረደ፤ ስለ እግዚአብሔር የተነገረው ቃል ግን አልተለወጠም። የጠጅ አሳላፊዎቹ አለቃ ከረሳው በኋላ እንኳ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ቈይቷል። እኛ ብንሆን በእነዚያ ሁለት ዓመታት ምን እንል ነበር?

ዮሴፍ ከወኅኒ ከወጣ በኋላ ያደረገውንም ልብ እንበል። በእግዚአብሔር መታመኑ እጁን አላሳጠፈውም፤ በጥጋቡ ዘመን ከምድሪቱ ፍሬ አምስተኛውን እጅ ለረኃቡ ዘመን አከማቸ። በ2007 ዓ.ም. በሀገራችን የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት የታቀደው ሥራ “የሰቆጣ ቃል ኪዳን” ተብሎ በዚህች ከተማ ስም ተሰይሟል። እንዲህ ያለውን ጥረት መደገፍ እምነት ማነስ የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም። ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን ሰባት ዓመት ያልሞላውን ሕፃን በጾም ሕግ አትይዘውም፤ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ ሕመምተኛም ከንስሐ አባታቸው ጋር ተመካክረው እንደ ዐቅማቸው ይጾማሉ። በእግዚአብሔር የምትታመን እናት ሕፃኗን በጊዜው ብታበላ ጾምን አልሻረችም።

ለዕለት ኑሯችን የሚሆነውም ብዙ አይደለም። ማለዳ ከሥራ በፊት በትእምርተ መስቀል አማትቦ በስመ አብ ማለት፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ማድረስ፣ ማዕድ ሲቀርብ መባረክ፣ እንዴት አደራችሁ ሲሉን እግዚአብሔር ይመስገን ማለት ሁላችንም ያደግንበት ነው። ብዙ ጊዜ ይህን እንደ ልማድ እናደርገዋለን። መጥመቂያው ውስጥ ሆኖ ለሚወቃ ሰው ግን ይህ የልማድ ቃል አይደለም፤ ጠላትን በሚጠባበቅበት ስፍራ ሌላም ከእርሱ ጋር መኖሩን የሚመሰክርበት ነው።

ዳዊት የሚደግሙ ምእመናን ከመዝሙሩ ቀጥሎ በሚገኘው መሓልየ ነቢያት ውስጥ የነቢዩ ዕንባቆምን ጸሎት ያገኙታል። ነቢዩ በመጨረሻው ላይ ያፈራች በለስ የለችም፣ እርሻው እህል አልሰጠም፣ በጉ ከበረት ጠፍቷል ይላል፤ በዚሁ ትንፋሽ ደግሞ በመድኃኒቱ በእግዚአብሔር ደስ እንደሚለው ይናገራል። ጉድለቱን አልደበቀም፤ አንድ በአንድ ቈጥሮ በእግዚአብሔር ፊት አቀረበው እንጂ።

እኚያ እናት ያን ዕለት የሰጠናቸውን አጭር መልስ ሰምተው፣ “አሜን፤ ያውቃል” አሉን። ቀጥሎም የሠርክ ጸሎት ደወል ተደወለ። እናታችን መቋሚያቸውን አንሥተው፣ የመቅደሱን ደጅ ተሳልመው ወደ ውስጥ ገቡ፤ እኛም ተከተልናቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።