ዳይስ የማያውቀው ጦርነት

በጥንቱ የኢትዮጵያ ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ ጨዋታው ሲጀመር ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች እኩል እጃቸውን ይሰዳሉ፤ የቻሉትን ያህል ጠጠር፣ በቻሉት ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። ይህ ወረራ ይባላል። አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ በየተራ ነው።

ከመቀሌ ብዙም በማይርቀው ጨለቆት የሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት የእንደርታው ራስ ወልደ ሥላሴ የዚህ ጨዋታ ወዳጅ ነበሩ። ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 እ.ኤ.አ. የሰንጠረዡን ታሪክና ሕግ ጽፎልናል።

እኛ ቤት ያለው የእህቴ ልጅ ግን የሚያውቀው ሪስክን ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ የወጣ፣ ጦርነቱ በዳይስ የሚለይ ጨዋታ ነው። አጥቂ እስከ ሦስት ዳይስ ይጥላል፣ ተከላካይ እስከ ሁለት። ትልቁ ከትልቁ፣ ተከታዩ ከተከታዩ ይገጥማል፤ እኩል ከሆኑ ተከላካዩ ረታ። አጥቂ 6፣ 4 እና 1፣ ተከላካይ 5 እና 4 ቢጥሉ፣ 6 5ን ያሸንፋል፣ 4 ለ4 ግን ለተከላካዩ ነው፤ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ወታደር ይሞታል። ሦስት ለሁለት ሲጣል አጥቂው ሁለቱንም የመግደል ዕድሉ 37 በመቶ ገደማ ነው፣ የተከላካዩ 29። በብዛት ሆኖ ማጥቃት የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

«አጎቴ፣ ሰንጠረዥ ላይ ዳይስ ከሌለ ዕድሉ የታለ?» አለኝ። ወረራው ውስጥ ነዋ! የቼዝ ጠጠር ደርድረን ሞከርነው። እሱ ወታደሮቹን እየገፋ ዓይኑን ከራሱ ጠጠር አልነቀለም፤ እኔ እጁን ነበር የማየው። ፈረሱን ወደ ግራ ሲያወጣ የእኔን ወደዚያው መለስኩ። ወረራ ላይ የተጋጣሚህን እጅ አይተህ ሐሳብህን መቀየር ነውር አይደለም። ከዚያ ሠራዊቴ ሲሰናዳ አንድ ወታደር ሰደድኩለት፤ ተስገብግቦ በላው። ወረራው አለቀ፣ የእሱ ደሮች፣ ማለትም ግንቦቹ፣ ገና ከጥጋቸው አልወጡም።

መጨረሻው ላይም ክብር አለ። በደር ወይም በፈረስ ማት ማድረግ እምብዛም አያስመሰግንም፤ በመደቅ፣ ማለትም በወታደር፣ ከሆነ ግን ያስጨበጭባል። ብቻውን የቀረ ንጉሥን ደግሞ ማት ማድረግ አይቻልም። አንድ ቀን ልጁ ጠጠሬን ሁሉ ለቅሞ በልቶ ንጉሤን ብቻውን አስቀረውና አቻ ወጣን። እስካሁን ይከራከረኛል።