በባሕር ላይ በሄሊኮፕተር ለሚጓዝ መንገደኛ የሚሰጡ የጥንቃቄ ትእዛዞችና የአማርኛ አቻዎቻቸው

የሙያ ቃል ሲተረጐም የሚፈጸም ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ አንባቢን ከማደናገር አያልፍም። መዝገቡ ይታረማል፤ አንባቢውም ጥቂት ቆይቶ ይረዳዋል። የአደጋ ጊዜ ትእዛዝ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ሰሚው ለማገናዘብ፣ ተርጓሚውም ለማረም ጊዜ አያገኙም። በዚህ ጽሑፍ፣ ከየብስ ተነሥቶ ባሕር ላይ ወዳለ የነዳጅ ማውጫ ጣቢያ በሄሊኮፕተር የሚጓዝ ሰው ሊያደርገው የሚገባውን ዝግጅት በአጭሩ እንገልጻለን፤ ከዚያም ይኸው ዝግጅት በአማርኛ ሲነገር የሚያስነሣቸውን የስያሜና የሰዋስው ጥያቄዎች እንመረምራለን።

፩. የዝግጅቱ ምንነት

ምሳሌያችንን የምንወስደው ከሰሜን ባሕር ነው። የነዳጅ ሠራተኞች ከስኮትላንድ ከተማ ከአበርዲን ተነሥተው ወደየጣቢያቸው የሚሄዱት በአመዛኙ በሄሊኮፕተር ነው። የሄሊኮፕተር ሞተሮችና የሚሽከረከረው ክንፍ ማርሽ የሚገኙት ከላይ ነው። ስለዚህ ውኃ ላይ የወደቀ ሄሊኮፕተር ብዙ ጊዜ ይገለበጣል። ነሐሴ 17 ቀን 2005 ዓ.ም. በሼትላንድ ደሴቶች አጠገብ አንድ ሄሊኮፕተር ወድቆ በፍጥነት ተገለበጠ፤ ከተሳፈሩት 18 ሰዎች መካከል 4ቱ ሞቱ። የብሪታንያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በየካቲት 2006 ዓ.ም. ባወጣው ግምገማ መንገደኞች የተሻለ የአደጋ መተንፈሻ እንዲይዙ አዘዘ። ከመጋቢት 23 ቀን 2007 ዓ.ም. ጀምሮም የትከሻው ስፋት 55.9 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ መንገደኛ ለሰውነቱ በሚበቃ መስኮት አጠገብ እንዲቀመጥ ተደረገ።

መንገደኛው አስቀድሞ በገንዳ ውስጥ በሚገለበጥ የሄሊኮፕተር አምሳያ ይለማመዳል። በጉዞው ዕለት ሙቀት የሚጠብቁ ልብሶችን ደራርቦ ከላይ ውኃ የማያስገባ ቱታ ይለብሳል። ከቀዝቃዛ ውኃ በድንገት የገባ ሰው ሳይወድ በግድ ያለከልካልና ትንፋሹን መያዝ የሚችለው ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነው። ነፋስ የሚወስደውን ኮፍያና ወረቀት ሁሉ ያስቀምጣል፤ ወደ ሄሊኮፕተሩም የሚጠጋው ምልክት ሲሰጠው፣ በተመለከተለት መንገድ ብቻ፣ ከጭራው ርቆ ነው። ከተቀመጠ በኋላ የትኛው መስኮት መውጫው እንደ ሆነ በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በእጁም ዳስሶ ያውቃል።

አደጋ ቢደርስ የድርጊቱ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ በአንድ እጅ የመስኮቱን ጠርዝ መያዝ፤ እንቅስቃሴው እስኪቆም መጠበቅ፤ መስኮቱን ገፍቶ ማስወጣት፤ ቀበቶ መፍታት፤ መውጣት፤ በመጨረሻም፣ ከውጭ፣ ሰደርያውን በአየር መሙላት። ቀበቶው ወደ መጨረሻው የሚፈታበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ከወንበሩ ጋር ያልታሰረ ሰው በውኃ ውስጥ መስኮቱን ሲገፋ ወደ ኋላ የሚሄደው ራሱ ነውና።

፪. ስለ ስያሜዎች

በተለመደው አተረጓጐም ሰደርያውም፣ ጀልባውም፣ ልብሱም «ሕይወት አድን» በሚል ቅጽል ይጀምራሉ። ለመዝገበ ቃላት ይህ ችግር የለውም። በጩኸት መካከል ግን ሰሚው የሚይዘው የመጀመሪያውን ቃል ነውና ሦስቱ ዕቃዎች አንድ ይሆኑበታል። ስለሆነም «ሰደርያ»፣ «ጀልባ»፣ «ቱታ» በሚሉት፣ ሕዝብ በሚያውቃቸው አጫጭር ቃላት መጠቀምን እንመርጣለን።

«ማረፍ» የሚለውም ቃል ጥንቃቄ ይሻል። አውሮፕላን «አረፈ» ስንል ማንም አይደናገርም፤ ነገር ግን «ባሕር ላይ ብናርፍ» የሚለው አነጋገር ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ የሞት ዜናም ነው። ከዚህም በላይ፣ አብራሪው ፈቅዶና ተቈጣጥሮ ውኃ ላይ የሚያሳርፍበትንና ሄሊኮፕተሩ በድንገት የሚወድቅበትን ሁኔታ መለየት ግድ ነው። ለመጀመሪያው «በውኃ ላይ ማሳረፍ»፣ ለሁለተኛው «ውኃ ላይ መውደቅ» የሚሉት ልዩነቱን በግልጽ ያሳያሉ፤ «ማሳረፍ» አድራጊውን አብራሪ ስለሚያስታውስ ከ«ማረፍ» ይሻላል።

መንገደኛው የሚይዘውን የመስኮት ጠርዝ አንዳንዶች «ማጣቀሻ ነጥብ» ሊሉት ይችላሉ። ማጣቀሻ ግን የመጽሐፍ ሰዎች ቃል ነው። «መጨበጫ» ቢባል ቃሉ ራሱ ምን እንደሚደረግ ይናገራል።

፫. ስለ ትእዛዝ አንቀጽ

ዋናው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። በአክብሮት ሲነገር «ቀበቶዎን ይፍቱ» ማለት ፍቱ፣ «ቀበቶዎን አይፍቱ» ማለት ተዉ ማለት ነው። ማዘዝንና መከልከልን የሚለየው አንድ «አ» ብቻ ነው፤ እሱም በንግግር ከፊተኛው ቃል መጨረሻ ጋር ይዋሐዳል። «አይፈታም» በሚለው የማሰሪያ አንቀጽ አሉታው ከፊትም ከኋላም ምልክት አለው፤ ከፊተኛው አንዱ ቢጠፋ የኋላው «ም» ይቀራል። በትእዛዝ አንቀጽ ግን ይህ መጠባበቂያ የለም። ጆሮውን ከሞተር ድምፅ የሸፈነ መንገደኛ «አትፍታ» ሲባል «ፍታ» ብሎ ቢሰማ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። ስለዚህ የአደጋ ትእዛዝ በአሉታ መሰጠት የለበትም፤ «አትፍቱ» በማለት ፈንታ «ቈዩ» ወይም «ያዙ» ይባላል።

ሁለተኛው ጥያቄ የቃላት ቅደም ተከተል ነው። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ተጠልፎ ነዳጅ የጨረሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ ከተሳፈሩት 175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። ከውስጥ ሳሉ ሰደርያቸውን በአየር የሞሉ መንገደኞች ውኃው ሲገባ ተንሳፍፈው ወደ መውጫው መድረስ ሳይችሉ ቀሩ። የሄሊኮፕተርም ሕግ ይኸው ነው። «ከመውጣታችሁ በፊት ሰደርያውን አትንፉ» የሚለው ትርጉም በሰዋስው ስሕተት የለበትም፤ ሆኖም ክልከላው የሚታወቀው በመጨረሻው ቃል ነው። በተጨማሪም «መንፋት» በአፍ መንፋትን፣ ዱቄት መንፋትንም የሚያመለክት ሲሆን መንገደኛው በእውነት የሚያደርገው ግን እጀታ መሳብ ነው። ቦዝ አንቀጽ እዚህ ላይ ይረዳናል፦ «ወጥታችሁ ሳቡ»። የቃላቱ ተራ የድርጊቱ ተራ ነው። «ወጥታችሁ» የሚለው ባይሰማ ግን አደጋው ይመለሳልና፣ ይህ ትእዛዝ በየብስ ሳሉ በቃል የሚጠና እንጂ በሄሊኮፕተሩ ውስጥ የሚጮኽ መሆን አይገባውም። በሥዕላዊ መመሪያም «ሳቡ» የሚለው ቃል የሚጻፈው በውኃ ላይ በተንሳፈፈው ሰው ሥዕል ሥር ብቻ ይሁን።

ሦስተኛው ጥያቄ የአቅጣጫ ነው። ሄሊኮፕተር ሲገለበጥ «ላይ»ና «ታች» ትርጉማቸውን ያጣሉ፤ ቀኝና ግራ ግን ከመንገደኛው ሰውነት ጋር ይኖራሉ። ስለዚህ «ወደ ላይ ውጡ» ሳይሆን «መጨበጫችሁን ተከተሉ» ይባላል።

አራተኛው የአክብሮትና የጾታ ነገር ነው። «ፍታ»ና «ፍቺ» ተሳፋሪውን ይከፍላሉ፤ የአክብሮቱ «ይፍቱ» ከላይ ያየነውን አደጋ ያመጣል። ለሁሉም የሚነገር የብዙ ቁጥር «ፍቱ» ወንዱንም ሴቷንም፣ ታናሹንም ታላቁንም ያለ ነቀፋ ያዝዛል።

፬. የቀረቡ ስያሜዎች

መጨበጫ፦ መንገደኛው በአደጋ ጊዜ ሳይለቅ የሚይዘው የመውጫ ጠርዝ።
የአደጋ መተንፈሻ፦ በውኃ ውስጥ ለአጭር ጊዜ አየር የሚሰጥ መሣሪያ።
የባሕር ቱታ፦ ውኃ የማያስገባና ቅዝቃዜ የሚከላከል አንድ ወጥ ልብስ።
ሰደርያ፦ እጀታው ሲሳብ በአየር የሚሞላ ማንሳፈፊያ።
ትእዛዞቹ በተራቸው፦ ያዙ፤ ቈዩ፤ ግፉ፤ ፍቱ፤ ውጡ፤ ወጥታችሁ ሳቡ።

ተርጓሚዎች እነዚህን ከማጽደቃቸው በፊት በወረቀት ላይ ብቻ እንዳያዩአቸው እንጠይቃለን። ጆሮን በእጅ ሸፍኖ፣ ሌላ ሰው ከሩቅ እንዲያነባቸው ማድረግ በቂ ፈተና ነው፤ እንዲህ ሲነበብ ተቃራኒውን የሚያሰማ ቃል ካለ፣ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ይለወጥ።