ስለ «ኒው» ጂን፤ አንዲት ፊደል በአይጥ ሕዋስ ላይ ያመጣችው ለውጥ

የእንስሳ አካል ከአንዲት ሕዋስ ተነሥቶ ልብን፣ ነርቭንና ቆዳን ለይቶ ለማውጣት የሚችለው ሕዋሶቹ እርስ በርሳቸው መልእክት ስለሚለዋወጡ ነው። «ተባዢ»፣ «ቁሚ»፣ «ነርቭ ሁኚ» የሚለው ትእዛዝ ከውጭ ይመጣል፤ ትእዛዙን ተቀብሎ ወደ ውስጥ የሚያቀብለው ደግሞ በሕዋሷ ስስ ሽፋን ላይ የተተከለ ተቀባይ ፕሮቲን ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናብራራ ያሰብነው ከነዚህ ተቀባዮች አንዱን የሚያሠራውን የአይጥ ጂን ነው። ዓመታቱን የጻፍነው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አስቀድሞ ስለ ስሞች ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። አማርኛችን ትልቁንም ትንሹንም የላቦራቶሪ አይጥ በአንድ ስም ይጠራል፤ በምርምር ግን ሁለቱ የተለያዩ ፍጥረቶች ስለሆኑ «ትልቁ አይጥ»፣ «ትንሹ አይጥ» እያልን እንለያቸዋለን። የጂኑም ስም እንዲሁ ያስቸግራል፤ በትልቁ አይጥ «ኒው»፣ በሰው «ኸር ቱ»፣ በሌሎች መጻሕፍት ደግሞ «ኤርብ ቢ ቱ» ይባላል። እኛም ይህን እስክናውቅ ድረስ ስለ ሦስት ጂኖች የምናነብ መስሎን ብዙ ደክመናል።

ነገሩ የተጀመረው ከበሽታ ነው። እርጉዝ የሆነች ትልቅ አይጥ ኤቲልናይትሮሶዩሪያ የሚባለው ኬሚካል ሲሰጣት፣ ልጆቿ ከተወለዱ በኋላ በአንጎላቸውና በነርቮቻቸው ላይ ዕጢ ይወጣባቸዋል። ጂኑም «ኒው» የተባለው ኒውሮብላስቶማ ከሚባለው ከዚሁ የነርቭ ዕጢ ስም ነው። በ1981 በአሜሪካ የሮበርት ዋይንበርግ ቡድን ከእንዲህ ያለ ዕጢ ዲ.ኤን.ኤ. አውጥቶ በሳህን ውስጥ ለሚያድጉ የትንሹ አይጥ ሕዋሶች ሰጣቸው። ሕዋሶቹ ሲነካኩ መባዛታቸውን ማቆም ሲገባቸው ተደራርበው ይበዙ ጀመር። በ1984 ደግሞ ፕሮቲኑ 185 ሺህ ዳልተን ያህል እንደሚመዝንና ኤፒደርማል የእድገት ፋክተር ለተባለው መልእክተኛ ተቀባይ የሆነው ፕሮቲን ዘመድ መሆኑ ታወቀ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን በ1986 የተገኘው ነው። ኮርኒሊያ ባርግማንና ባልደረቦቿ ጤነኛውን ጂን ከበሽተኛው ጋር ሲያስተያዩ፣ ፕሮቲኑን ከሚጽፉት ከ3,700 የሚበልጡ ፊደሎች መካከል በሽታውን ያመጣችው አንዲት ብቻ ሆና ተገኘች፤ ቲ በኤ ተተክታለች። በዚህ ምክንያት ቫሊን የተባለው አሚኖ አሲድ ቀርቶ በቦታው ግሉታሚክ አሲድ ገባ። ለየብቻቸው በተነሡ ዕጢዎችም ውስጥ የተለወጠችው ያችው ፊደል ነበረች።

ቦታዋም ልብ ሊባል ይገባል። ይህ ፕሮቲን ከሕዋሷ ውጭ የሚቆም ክፍል፣ ሽፋኑን የሚያቋርጥ አጭር ክፍልና ወደ ውስጥ የገባ ክፍል አለው። ውስጠኛው ክፍል ኪናዝ ነው፤ ታይሮሲን በተባለው አሚኖ አሲድ ላይ ፎስፌት እየለጠፈ መልእክቱን ያስተላልፋል። ለውጡ የተገኘው ግን በውጭውም በውስጠኛውም ሳይሆን፣ ሽፋኑን ከማቋረጥ በቀር ሥራ የሌለው በሚመስለው በመካከለኛው ክፍል ነው። ምክንያቱ ምንድን ነው? በጤና ጊዜ ኒውሬጉሊን የሚባል መልእክተኛ መጥቶ የኒውን ዘመድ ኤርብ ቢ ሦስትን ወይም አራትን ይይዛል፤ ያም ከኒው ጋር ይጣመርና አንዱ በሌላው ላይ ፎስፌት ይለጥፋል። ኒው ለራሱ የሚይዘው መልእክተኛ አልተገኘለትም። በተለወጠው ፕሮቲን ግን ግሉታሚክ አሲዱ ሁለት ኒዎችን በሽፋኑ ውስጥ ያጣምራቸዋል፤ ስለዚህ ደጁን የሚያንኳኳ ሳይኖር ዘበኛው «ግቡ፣ ግቡ» እያለ እንደሚጮኽ፣ ሕዋሷ «ተባዢ» የሚለውን ትእዛዝ ሌት ተቀን ትሰማለች።

ይህ ጂን ለክፉ ብቻ የተሠራ የሚመስለው ሰው ቢኖር በ1995 የታተመውን ሥራ ይመልከት። ጂኑ ጨርሶ እንዳይሠራ የተደረገባቸው ትናንሽ አይጦች 11ኛው ቀን ሳይሞላቸው በማኅፀን ይሞታሉ። በልባቸው የታችኛው ክፍል ውስጥ መውጣት የሚገባቸው የጡንቻ ዘንጎች አልወጡም፤ የነርቮቻቸውም እድገት ተጓድሏል። የልብ ውስጠኛ ገበር ኒውሬጉሊንን ይልካል፤ የልብ ጡንቻ በኒውና በዘመዱ አማካይነት ይቀበላል፤ ተቀባዩ ከሌለ ልብ ልብ አይሆንም።

በሰው ያለው ሁኔታ ከአይጡ ይለያል። በ1987 ዴኒስ ስላሞንና ባልደረቦቹ 189 የጡት ነቀርሳ ዕጢዎችን መርምረው በ30 በመቶው ውስጥ ጂኑ በዝቶ አገኙት፤ ፊደሉ ተለውጦ ሳይሆን ቅጂው በዝቶ ነው። የሆነ ሆኖ ከአይጡ የተገኘው ትምህርት ጠቅሟል። በ1985 በኒው ላይ የሚያርፍ ፀረ አካል ለበሽተኞቹ ሕዋሶች ሲሰጣቸው ወደ ጤነኛ ጠባይ እንደሚመለሱ ታይቶ ነበር፤ በ1998 ደግሞ በሰው ኸር ቱ ላይ የሚያርፈው ትራስቱዙማብ ለሕክምና በአሜሪካ ተፈቀደ።

ነገር ግን መድኃኒቱን ከወሰዱት ሕሙማን አንዳንዶቹ፣ ይልቁንም አንትራሳይክሊን ከሚባሉት መድኃኒቶች ጋር የወሰዱት፣ ልባቸው ደከመ። በማኅፀን ልብን የሠራው መልእክት ያደገውንም ልብ ይጠብቀዋልና፣ ተቀባዩ ሲዘጋ ዕጢው ብቻ አይጎዳም። ስለዚህ ሐኪሞች ዛሬ መድኃኒቱን ከመስጠታቸው በፊትና በሕክምናውም ጊዜ የታማሚዋን ልብ ደም የመርጨት ኃይል ይለካሉ።