5 ዋት ከድሬዳዋ ሰማይ ሥር

አማተር ሬድዮ ሲባል ብዙ ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚያየው ረጅም ምሰሶና ውድ ማሰራጫ ነው። አነስተኛ ኃይል የሚጠቀመው ዲጂታል ስርጭት ግን ይህን ግምት ሽሮታል። ተራ የስልክ ቻርጀር የሚሰጠውን ያህል ኃይል ማለትም 5 ዋት የሚያሰራጭ ሬድዮ፣ ግራና ቀኝ 5 ሜትር ገደማ የተዘረጋ ሽቦ እና አንድ ላፕቶፕ ከተገኙ፣ አየሩ በቀናበት ሰዓት በ14 ሜጋኸርዝ ከድሬዳዋ ተነስቶ አውሮፓ መድረስ ይቻላል። ምስጢሩ ከጉልበቱ ይልቅ ከአደማመጡ ላይ ነው። በፐልሳር ጥናቱ በ1993 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተጋራው የፊዚክስ ሊቅ ጆ ቴይለር ከስቲቭ ፍራንክ ጋር በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤፍቲ8 የተባለ ዲጂታል ስልት ጊዜውን በ15 በ15 ሰከንድ ይከፍለዋል፤ አንዱ ሲልክ ሌላው ያዳምጣል። አዲስ አበባ አምስት ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ያለው የኢትዮጵያ አማተር ሬድዮ ማኅበር ጣቢያ ጥሪ ሲያሰማ መልእክቱ «ሲኪው ኢቲ3ኤኤ ኬጄ99» ብቻ ነው፦ ጥሪ፣ መለያ ስም፣ የካርታ ሰሌዳ። ይህቺ አጭር መልእክት በ8 ቃናዎች ተሸምና 12.64 ሰከንድ ትፈጃለች። ከጫጫታው ኃይል መቶኛ ያህል ብትሆን እንኳ፣ ጆሮ ምንም ሳይሰማ ኮምፒዩተሩ ያወጣታል።

«ይህማ ኮምፒዩተር ለኮምፒዩተር ማውራቱ ነው» የሚሉ አሉ። ሽቦውን የትኛው ጣሪያ ላይ፣ ወደየት አቅጣጫ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚዘረጋ የሚወስነው ግን ሰው ነው፤ ደስታውም ያለው እዚያ ላይ ነው። «ሞባይል እያለ ምን ይሠራል?» ለሚለው መልሱ ጥንቃቄ ይሻል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ሲቀጥፍ ታይቷል፤ ኤፍቲ8 በነፃ ጽሑፍ 13 ፊደላት ብቻ ስለሚይዝ ለእንዲህ ያለው ቀን አይበቃም። ጄኤስ8ኮል የተባለው ፕሮግራም ግን በዚያው ስልት ረዘም ያለ ጽሑፍ ያደርሳል። ዋናው ደግሞ በባትሪና በሽቦ ብቻ መገናኘትን የለመደ ሰው በከተማው መኖሩ ነው።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ሰማዩ ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ ቀን ከ100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ትንሽ ከፍ ብሎ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ የሬድዮ ሞገዱን ወደ ምድር የሚመልሰው የአየር ንብርብር፣ አዮኖስፌር፣ እንደ አረፋ ይፈነዳዳል። ዊስፐር የተባለው የዲጂታል ስልት ይህን ለመከታተል ይመቻል፦ በየ2 ደቂቃው ስምን፣ ቦታንና የኃይል መጠንን ይልካል፤ ብዙ ጊዜ 0.2 ዋት ይበቃዋል። ለማሰራጨት የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግን በማዳመጥ መጀመር ይችላሉ። የድሬዳዋ ሰሌዳ ኤልጄ09 ነው። እዚያ የተቀመጠ አንድ መቀበያ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ የሩቅ ጣቢያዎች ቁጥር ሲዋዥቅ፣ አንዱ ሲጠፋና ሌላው ብቅ ሲል በየ2 ደቂቃው ይመዘግባል።