እንገር ያልቀመሰ ደም

አሳማ የምታረግዘው ሦስት ወር ከሦስት ሳምንት ከሦስት ቀን ነው፤ ሲደመር 114 ቀን። አሜሪካ ውስጥ አሳማ በብዛት በሚረባባት በአዮዋ፣ ቀኑ ደርሶ የወለደች አሳማ ከደህናዎቹ ግልገሎች ጋር እንደ ቋንጣ የጠቆረና የደረቀ ሽል ጣል ስታደርግ፣ አርቢው ሽሉን በላስቲክ አሽጎ፣ በረዶ አድርጎበት ኤምስ ከተማ ወዳለው የአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት በሽታ ቤተ ሙከራ ይልከዋል።

ለእንዲህ ያለው ሽል ከማሽን በፊት የሚያስፈልገው ማስመሪያ ነው። ከአናቱ እስከ ጭራው ሥር ይለካል፤ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ የሞተው በ70ኛው ቀን አካባቢ ነው። ከአንድ ሆድ የወጡት ሽሎች አንዱ ጣት፣ ሌላው መዳፍ፣ ሦስተኛው ስንዝር የሚያህል ከሆነ ደግሞ ፓርቮ ቫይረስ ይጠረጠራል። ፓርቮ ሁሉንም ባንዴ አይፈጅም፤ ማኅፀን ውስጥ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት እየተሻገረ ነው የሚገድለው። ከ35ኛው ቀን በፊት የሞተውን ማኅፀኑ መልሶ ስለሚመጠው ምልክት አይተውም። ከዚያ ወዲህ የሞተው አጥንት አውጥቷልና ደርቆ ይቀራል። ከ70ኛው ቀን በኋላ የተያዘው ግን መከላከያውን ራሱ ማበጀት ስለሚጀምር ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

ሌላው ተጠርጣሪ ፒአርአርኤስ የሚባለው በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሲነሳ ምንነቱ ስላልታወቀ «ምስጢራዊው የአሳማ በሽታ» ተብሎ ነበር፤ ቫይረሱ በ1991 ሆላንድ ውስጥ፣ ሌሊስታድ ላይ ተገኘ። ይህኛው የሚያስጨነግፈው በአብዛኛው እርግዝናው ሲገባደድ ነው።

እነዚህን ቫይረሶች ፈልጎ የሚያገኘውን ማሽን፣ ፒሲአርን፣ በኮቪድ ጊዜ በአፍንጫችን ስለተዋወቅነው ማስተዋወቅ አያሻውም። የአሳማው ናሙና ከሽሉ ሳንባ ወይም ከደረቱ ፈሳሽ ይወሰዳል። በቁም ላሉት ደግሞ ጋጣው ውስጥ የጥጥ ገመድ ይንጠለጠላል፤ አሳማ ገመድ አይቶ አያልፍምና እየተሻሙ ያኝኩታል፣ ከዚያ ምራቁ ተጨምቆ ይላካል። ከዚህ የረቀቀ ብልሃት አላውቅም።

ማሽኑ ግን ቫይረሱ መኖሩን እንጂ ገዳይነቱን አይናገርም። ሰርኮ ቫይረስ 2 የሚባለው ያልገባበት የአሳማ መንጋ ማግኘት ይቸግራል፤ ስለዚህ እሱን ለመወንጀል የሽሉ የልብ ጡንቻ በስሱ ተቆርጦ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ቫይረሱ ቁስሉ ላይ መኖሩ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት።

የእናትየው ደምም ቢሆን አሳሳች ነው። በደሟ ውስጥ የሚገኘው ፀረ እንግዳ አካል የዓምና በሽታ ወይም የክትባት ትራፊ ሊሆን ይችላል። የሽሉ ደም ግን አይዋሽም። የሴት አሳማ የእንግዴ ልጅ እንደ ሰው አይደለም፤ የእናትን ፀረ እንግዳ አካል ወደ ሽሉ አያሳልፍም። ግልገሉ ይህን ሀብት የሚያገኘው ከተወለደ በኋላ ከእንገር ነው። አሳማ በብዙዎቻችን ማዕድ ላይ ባይኖርም፣ እንገርን ላም ያለበት ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። እንግዲህ እንገር ያልቀመሰ ግልገል በደሙ ፀረ እንግዳ አካል ከተገኘበት፣ ቫይረሱን የተዋጋው እዚያው ማኅፀን ውስጥ፣ ራሱ ነው።

ለዚህም ነው አርቢው ግልገሉ ጡት ሳይዝ ደም እንዲቀዳ የሚነገረው። ሞቶ የመጣ ግልገል ከሆነ ጨጓራው ይከፈታል። የረጋ ወተት ከታየ ጠብቷል ማለት ነው፤ በደሙ ውስጥ ያለው የእሱ ይሁን የእናቱ መለየት አይቻልም።